ሁሉም የሚተያዩበት ጠረጴዛ

መስከረም 9

ይድረስ ለእትዬ፣ ለአባቴ እህትና ለአሳዳጊዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ እነዚያ ሚስማር የማይፈሩ እጆችዎ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ምርቃትዎ ሳይለየኝ አለሁ። እስካሁን ያልተላመደኝ ብርዱ ብቻ ነው።

እትዬ፣ ክረምቱን ሙሉ ስደውል ስልኩን የሚያነሳው የወርክሾፕዎ ቀቢ ነው። «አክስትህ ማሽን ላይ ናት» ይለኛል። በሥራ ቀን ስደውል ማሽን ላይ ነዎት፤ በዕረፍት ቀን ስደውልም ማሽን ላይ ነዎት። ወይ ከማሽኑ ጋር ተጋብታችኋል፣ ወይ ቀቢው እየዋሸኝ ነው። ሰውየውን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ቫርኒሽ እንጂ ነገር መቀባት አይችልበትም፤ ሲዋሽ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

የእኔ ሥራ እንደነበረው ነው። ፋብሪካው ትልቅ ነው፤ ጠረጴዛ በየደቂቃው ይወጣል። ግን ማንም ሰው ጠረጴዛ አይሠራም። አንዱ እግር ብቻ ይበሳል፣ አንዱ ጠርዝ ብቻ ይለጥፋል፣ እኔ ደግሞ ማዕዘን ብቻ አለሰልሳለሁ። ከመጣሁ ጀምሮ ከእንጨት ተነሥቼ እስከ ቫርኒሽ የደረስኩበት አንድም ጠረጴዛ የለም። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ያለሰለስኩትን ማዕዘን በጣቱ ዳሶ «ጎበዝ!» አለኝ። እርስዎ ቢሆኑ «የቀረውስ የት አለ?» ይሉኝ ነበር፤ እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

እባክዎ፣ አሁን በእጅዎ ላይ ምን ሥራ እንዳለ ይጻፉልኝ። የሰፈር ወሬ ቢቀር ግድ የለኝም፤ የእንጨቱን ወሬ ነው የራበኝ። ከዚህ የሚላክ ነገር ካለም ይዘዙኝ። ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 20

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለቀውላላው፤

ጤናህ እንደ ደረቀ ጣውላ የጸና ይሁን፤ ጉጥ አይብዛበት፣ ምስጥ አይድረስበት። እኔ ደኅና ነኝ፤ ከደኅናም ደኅና።

የስልኩን ነገር ተወው። ስልክ ማለት ሥራ ፈት ሰው ሥራ ያለውን የሚያውክበት ዕቃ ነው። ደብዳቤ ይሻለኛል። መነጽሬን አድርጌ፣ በሬን ዘግቼ፣ አንዴም ሁለቴም አነበዋለሁ። የስልክ ወሬ ግን አንዴ ካመለጠ አመለጠ ነው።

አሁን ጉድ የሚያሰኝ ሥራ ይዣለሁ። አንድ ማኅበር ለስብሰባ አዳራሹ ጠረጴዛ አዟል። አንድ ጠረጴዛ፣ ለሃያ ሰው! መልእክተኛው መጥቶ «ሃያ ሰው የሚያስቀምጥ፣ ትልቅና የሚያምር ይሁን» ብሎ ሄደ። ቅርጹን ለኔ ተወልኝ። ደግ አደረገ፤ በዚህ ከተማ ትልልቅ ጠረጴዛ አሳምሮ የሚሠራ አንድ ሰው ነው ያለው፤ እሱም ቀሚስ ይለብሳል።

ለሥራው ያወጣሁት ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር ስንት ዘመን ያስቀመጥኩትን ቀይ እንጨት ነው። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ለማን ነው የምታሳድጊው?» እያለ የሚስቅብኝን እንጨት። ልጄ፣ በመላጊያ አንዴ ስገፋው ላዩ ላይ የነበረው ጥቁረት ተነሥቶ ከሥሩ የወጣውን ቀለም ብታይ! ሥራዬን አቁሜ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። ቀቢው ራሱ «ይሄስ ቫርኒሽም አያስፈልገው» አለ። የገዛ ሥራውን የሚያሳጣ ቃል ከአፉ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

ርዝመቱ ከወርክሾፑ የኋላ ግድግዳ ተነሥቶ በሩ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ጣውላዎቹን ጎን ለጎን ነው የማጣብቃቸው። ኮላ ከመቀባቴ በፊት ሁለቱን አጋጥሜ በመስኮቱ አንጻር አያቸዋለሁ፤ በመካከላቸው ክር ያህል ብርሃን ካለፈ ወደ መላጊያው ይመለሳሉ። ቀቢው «ይበቃል፣ ይበቃል» እያለ እጁን ያወራጫል። እሱን ብሰማ ፀሐይ የሚያስገባ ጠረጴዛ እሸጥ ነበር።

ከጣውላዎቹ አንዱን ጠርጥሬው ነበር። ቀቢው በመዶሻው እጀታ ሲመታው እኔ ጉንጬን ጣውላው ላይ አስተኛሁና ሕመሙን አገኘሁት፤ ከጫፉ ክንድ ያህል ውስጥ ለውስጥ ተሰንጥቋል። ቆርጬ ጣልኩት።

ልላክ ላልከው ጠንካራ ነጭ ኮላ ካገኘህ ላክልኝ። ሌላ የሚያስፈልገኝ የለም። ሰው ስታናግር ደግሞ ፊትህን ወደ ሰውየው አዙር፤ የዛሬ ሰው ግድግዳ እያየ ነው የሚያወራው። እግርህ እንቅፋት አይምታው።

አክስትህ


ኅዳር 18

ይድረስ ለእትዬ፤

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰንብተዋል? ስለ ቀዩ እንጨት የጻፉልኝ ልቤን ቅቤ አጠጣው። ከእኔ ጋር ለሚኖሩት ልጆች ሁሉ አነበብኩላቸው። አንዱ «አክስትህ ስለ እንጨት የምትጽፈውን እናቴ ስለ እኔ ጽፋ አታውቅም» አለኝ።

ጉንጬን ያሉት ግን ዕረፍት ነሳኝ።

እርስዎ ጣውላ የሚመቱት በጣትዎ አንጓ ነው። ሲመቱም ጎንበስ አይሉም፤ ቀጥ ብለው ቆመው «ይሄ ጤነኛ ነው፣ ይሄ ባዶ ነው» ይላሉ። «እንጨት ከጠየቅከው ይመልስልሃል» ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እንዲያ የሚሰማ ሰው ጉንጩን ጣውላ ላይ አያስተኛም። ስልክ አይጠላም። ሰው ፊቱን እንዲያዞርለትም አይለምንም። ሦስቱን ሳገጣጥማቸው አንዱ ከአንዱ ያለ ብርሃን ገጠመ። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝና ልጠይቅዎ፦ እትዬ፣ ጆሮዎ ይሰማል?

ካልሰማ አንድ ነገር ልለምንዎ ነው። ትልቁ መጋዝ እንጨት ሲነክስበት ድምፁ ይቀጥናል፤ ከዚያ እንጨቱን ወደ ሰው ይወረውራል። «ሲቀጥን ወደ ኋላ!» ብለው፣ ክንዴን ይዘው፣ ያን ድምፅ እስክለየው ድረስ ከማሽኑ አጠገብ አቁመውኛል። «ይህን ድምፅ የማይሰማ ሰው ከዚህ መጋዝ ፊት አይቆምም» ብለውኛል። ሕጉ የእርስዎ ነው እንጂ የእኔ አይደለም።

ስለዚህ እባክዎ ይብቃዎት። ይህን ጠረጴዛ ያስረክቡና ማሽኑን ይሽጡት። የእኔ ደመወዝ ለሁለታችን ይደርሳል። በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሙቁ፤ ጎረቤት ያጫውቱ። ይህን ያህል ዘመን የቆሙ እግሮች ቢቀመጡ ማን ይከሳቸዋል?

ኮላውን ልኬያለሁ። የመጨረሻው ኮላ ይሁንልኝ። መልስዎ እስኪደርሰኝ ልቤ አያርፍም።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 27

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ጤና ይስጥህ፣ ዕድሜ ይስጥህ። መልሱ ለምን ዘገየ ብለህ እንደሆነ፣ ተቆጥቼ ነው። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም፤ ግን ከቁጣዬ የሚበልጥ ነገር መጣ።

አዎ፣ አልሰማም። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ሄደ። ከዚያ የበሩ ደወል፣ ከዚያ የቀቢው ወሬ፤ እሱ እንኳ ብዙም አልጎዳኝም። በመጨረሻ ትልቁ መጋዝ ራሱ ዝም አለኝ። ሐኪሙ «የማሽን ጩኸት የበላው ጆሮ ነው፤ አይመለስም» ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ። በጆሮ የሚገባ መሣሪያ ሞክረውልኝ ነበር፤ ጩኸት እንጂ ቃል አላመጣልኝም። እኔ ደብቄያለሁ ስል ሰፈሩ በሙሉ ሲያወራው ከርሟል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ከሁሉም አስቀድሜ የደበቅሁት ካንተ ነው፤ ምን እንደምትለኝ ስለማውቅ። ይኸው አልከኝ።

«በረንዳ ላይ ወንበር አውጪ» ትለኛለህ። አንተ ልጅ፣ እኔ በገዛ ወንበሬ ላይ ምሳ እስክበላ ድረስ እንጂ ተቀምጬ አላውቅም። ወንበር የምሠራው ለሰው ነው።

አሁን የመጣብኝን ስማ። ጠረጴዛው አለቀ፤ እግሮቹን ፈታን፣ ፊቱን ስድስት ሰው ተሸክሞት በጭነት መኪና ወደ አዳራሹ ወሰድነው። ስንገጥመው ሰዎቹ ከበው ያያሉ። ሁሉም በእጁ ነው የሚነጋገረው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር ነው ለካ! መልእክተኛው «ማኅበሩ» ብቻ ነው ያለኝ፤ እኔም «ሃያ ሰው» ከሚለው ወዲያ የጠየቅሁት የለም።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ልብስ ሰፊ ናት። መጥታ አውራ ጣቷን በጣውላዎቹ መጋጠሚያ ላይ አስኬደች፤ ስፌቱን ትፈልጋለች። አጣችው። እንደገና ከወዲያ ጫፍ ጀመረች፣ አሁንም አጣችው። ቀና ብላ ስታየኝ ዐይኗ እርጥብ ነበር። እኔማ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ አልኩ።

ከዚያ ለስብሰባ ተቀመጡ። በአንዱ ጎን አሥር፣ በሌላው ጎን አሥር። ከጫፍ ያለው ሰው በእጁ መናገር ሲጀምር በሱ በኩል በተርታ ያሉት የጎረቤታቸውን ትከሻ እንጂ የሱን እጅ አያዩም። አንገታቸውን አሰገጉ። ጠረጴዛው ላይ ተደገፉ። ተነሥተው ቆሙ። በመጨረሻ ሁሉም ወንበር ወንበራቸውን ይዘው ወደ አዳራሹ ባዶ ጥግ ሄዱና ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ያን የመሰለ ጠረጴዛ ብቻውን ቀረ።

ሰብሳቢዋ አፈረችልኝ። በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፦ «እንዲህ ያለ ሥራ አይተን አናውቅም። አያሳስብዎት፤ መጽሐፎቻችንን እንደረድርበታለን።» መጽሐፍ መደርደሪያ! ለመጽሐፍ መደርደሪያማ ሁለት ሳንቃ ይበቃ ነበር። ወረቀቱን መልሼ ከንፈሯን ስመለከት ጣቷን ወደ ጆሮዬ ጠቆመች፣ ከዚያ ወደ ራሷ ጆሮ፣ ከዚያ ሳቀች። ሐኪሙንና ቀቢውን ካልቆጠርክ ከተማውን አታልያለሁ ብዬ ስኖር አንዲት ልብስ ሰፊ በአንድ አፍታ ያዘችኝ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ሌላ አናጺ ቢሳሳት ይሁን። እኔ የሰው ከንፈር እያየሁ የምውል ሴት፣ በረጅም ገበታ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የስንቱ ወሬ እንዳመለጠኝ የማውቅ ሴት፣ እንዴት ረጅም ጠረጴዛ እሠራላቸዋለሁ?

በማግስቱ አስጭኜ አስመለስኩት። እቆርጠዋለሁ። በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቄ፣ ከሁለቱም አሥራ ሁለት ቁራጭ አወጣለሁ፤ እያንዳንዱ በውጭ በኩል ሰፊ፣ በውስጥ በኩል ጠባብ። ሲገጣጠሙ ትልቅ ቀለበት ይሆናሉ፣ መሐሉ ክፍት። ሁሉም ሁሉንም ያያል።

የምቆርጠውም በዚያው በትልቁ መጋዝ ነው፤ በሌላ ሰው እጅ አላስነካውም። ከቻልኩ ሥራዬን እቀጥላለሁ፣ አንተም ስለ ወንበር ሁለተኛ አታነሳብኝም። ካልቻልኩ ማሽኑን ሸጬ በረንዳህ ላይ እቀመጣለሁ፤ ቃሌ ነው። እስከዚያው ምንም እንዳትልክ። በናትህ፣ እንዳትይዘኝም። ክፉ አይንካህ።

አክስትህ


የካቲት 21

ይድረስ ለእትዬ፤

እጅዎን ከክፉ ይጠብቅልኝ። ዘንድሮ ከዚህ ሌላ ጸሎት የለኝም።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ፋብሪካው ውስጥ፣ ተራዬ ደርሶ ከማሽኖቹ ራቅ ብዬ ምሳዬን ልበላ ስል ነው። «በዚያው በትልቁ መጋዝ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ «አይሆንም!» ብዬ ጮህኩ። ማንም አልዞረም። ሁለተኛ ጮህኩ። አሁንም የዞረ የለም። ቀና ብዬ አየሁ፤ በዚያ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮ መዝጊያ አድርጓል። እኔም አድርጌያለሁ። የገዛ ጩኸቴ ለራሴም በወጉ አልተሰማኝም።

እትዬ፣ ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ። እዚህ ያለ ጆሮ መዝጊያ ማሽን መንካት ክልክል ነው። ድፍን ፋብሪካ ሳይሰማ ጠረጴዛ ይሠራል፣ እኔም ሳልሰማ እሠራለሁ፤ ከዚያ ወጥቼ ለእርስዎ «የማይሰማ ሰው መጋዝ ፊት አይቆምም» ብዬ እጽፋለሁ። ወይ ጉድ! ስንት ጊዜ አልፌበት አንድ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

ታዲያ በምን ይሠራሉ ብዬ ከሰዓት ዐይኔን ከፍቼ ዋልኩ። በየማሽኑ አናት ላይ ቀይ መብራት አለ፤ ሞተሩ እስካልቆመ ድረስ አይጠፋም። ማንም ሰው ሠራተኛን ከኋላው አይጠጋም፤ ዞሮ በፊት ለፊት ይመጣና እጁን ከፍ ያደርጋል። የሚያስፈልግ ነገር ሁሉ በዐይን የሚገባ ነው።

ስለዚህ «ይብቃዎት» ያልኩትን አንስቻለሁ። ከፍርሃት የመጣ ቃል ነበር፤ ፍርሃቱም ከፍቅር ነው፤ ይህንንስ ያውቁታል። አልይዝዎትም። አትላክ ቢሉኝም ግን ልኬያለሁ፤ በጥቅሉ ውስጥ ሁለት ቀይ አምፖል ከነመያዣቸው አሉ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩና ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚበራ ያድርግልዎ። ቀቢውንም ከኋላ እንዳይመጣ ያስጠንቅቁት።

ስለ አሥራ ሁለቱ ቁራጭ አስቤ አስቤ ራሴን አመመኝ። ሃያ አራት ጫፍ ማለት ነው። እያንዳንዱ የፀጉር ስንጣቂ ያህል ቢዛነፍ መጨረሻው ጋ ሲደርስ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይሆናል። ላስተምርዎ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። እዚህ ይህን ሥራ የሚደፍር ሰው አላየሁም። ያለቀና የተመሰገነ ሥራ፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ መልሶ የሚቆርጥማ ጭራሽ የለም።

እኮራብዎታለሁ። ይህን አፍ አውጥቼ ነግሬዎት አላውቅም፤ በስልክ «ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነዎት» ተባብለን ነበር የምንዘጋው። መልስዎን ቶሎ ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 3

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

እጅህ አይዛል፣ ዐይንህ አይድከም፣ ያሰብከው ይሙላልህ፣ በሰው አገር ሰው ይስጥህ። ምርቃቱን አንድ ጊዜ ከፊት አስቀድሜዋለሁ፤ ወሬው ከጀመረ መመለሻ የለኝም።

አምፖሎቹ ደረሱ። አንዱ ተሰብሯል፣ አንዱ ደኅና ነው፤ አንዱም ይበቃል። ማሽኑ ሲነሳ ቀይ ዐይኑን ይገልጣል። ቀቢው ደግሞ ዞሮ በፊት ለፊት ሲመጣ እጁን ሰቅሎ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ መስሎልሃል። ምሳ በልቶ ሲመጣም እጁን ሰቅሎ ነው የሚገባ።

መብራቱ ግን መጋዙ መዞሩን ነው እንጂ መጨነቁን አይነግረኝም። ጠረጴዛውን ልሰነጥቅ ፊቱ ቆምኩ። አስነሳሁት፣ አጠፋሁት። ደግሞ አስነሳሁት፣ ደግሞ አጠፋሁት። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈራሁ። በረንዳህ ታየችኝ።

ለካ ሰብሳቢዋ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ሄደችና አንድ ሰው ይዛ መጣች። በያጅ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ሰምቶ አያውቅም፤ ዕድሜውን የጨረሰው ብረት ሲቆርጥና ሲያጣብቅ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ጣቶቹን ነው፤ አሥሩም አሉ።

ማስረዳት አልጀመረም። የማይረባ ጣውላ አነሳ፣ ማሽኑን አስነሳ፣ መዳፌን ይዞ ከመጋዙ ራቅ አድርጎ ብረቱ ላይ አስቀመጠው። ሆዴንም ወደ ማሽኑ ጠርዝ አስጠጋኝና ጣውላውን ራሱ ገፋ። ልጄ፣ መጣ! በመዳፌ መጣ፣ በሆዴ መጣ። ደኅና ሲቆርጥ ለስላሳ ነው። ጉጥ ሲያገኝ ይወፍራል። ሊነክስ ሲል ይቀጥንና ይንዘፈዘፋል። ያው አንተን ያስተማርኩህ ድምፅ ነው፤ በር ቀይሮ ገባ እንጂ። አለቀስኩ። በያጁ እስክጨርስ ጠበቀና ጣውላውን ሰጠኝ፤ አሁን አንቺ ግፊ ማለቱ ነው። ሲነክስ አወቅሁት፣ ወደ ኋላ አልኩ። ሆን ብሎ ጉጥ ያለበት እየመረጠ ሲያቀብለኝ ዋለ። እንዲህ ያለ አስተማሪ በዘመኔ አላየሁም፤ እኔ ራሴ ክንድህን ይዤ ስጮህብህ የነበርኩት ከሱ ጋር አልተካከልም።

ከዚያ ወዲያ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ጠረጴዛውን በቁመቱ ስሰነጥቀው ቀቢው ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። ቁራጮቹን አንዱን ሰፊ ጎኑን ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች እያደረግሁ ቆረጥኳቸው፤ እንጨቱ ሳይባክን ደረሰ።

የሃያ አራቱን ጫፍ ነገር ደኅና አስበኸዋል፤ ያስተማርኩህ ከንቱ አልቀረም። ነገር ግን አሥራ ሁለቱንም በአንዴ የሚገጥም ሞኝ ነው። ስድስቱን ለብቻ፣ ስድስቱን ለብቻ አጋጠምኳቸው፤ ሁለት ግማሽ ቀለበት ሆነ። ወለሉ ላይ አስተኝቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጠርኩ። የፀጉር ስንጣቂ ያልካት ሁሉ ተሰብስባ እዚያ ላይ ታየች። ከሲባጎው ያለፈውን በእጅ መላጊያ ላጥኩት። ሁለቱን ግማሾች ስናገናኛቸው ከፀጥታው የተነሣ... ይቅርታ፣ ፀጥታውን እንኳ እኔ አላውቀውም፤ ቀቢው ነው ትንፋሹን እንደያዘ በኋላ የነገረኝ። ገጠሙ። ጣት ይቅርና ምላጭ አያስገባም።

በየመጋጠሚያው አንዳንድ እግር ሠራሁ፤ ከሥር በብሎን ነው የሚያያዘው፤ እየተፈታ በየትኛውም በር ይገባል። በያጁ የብረት ማያያዣዎቹን ሠራልኝ። ሥራ ላይ ሳለን ስለምንነጋገር የሱን ቋንቋ ለቃቀምኩ፦ መጋዝ፣ ጣውላ፣ ቀስ በይ፣ በቃ፣ ራበኝ። ሰብሳቢዋም እየመጣች ስትጨምርልኝ ከረመች። እጄ ደንዳና ስለሆነ ተንተባታቢ ነኝ አሉ።

አዳራሹ ውስጥ ስንገጥመው ሰብሳቢዋ እንደ ልማዷ አውራ ጣቷን አስኬደች፤ ዙሪያውን ዞራ የጀመረችበት ቦታ ተመለሰች። ከዚያ ተቀመጡ። አንድም የተሰገገ አንገት የለም። ለኔም መሐላቸው ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

ማሽኑን አልሸጥም። ይህን ከሁሉ በፊት መጻፍ ነበረብኝ። የአንድ ትምህርት ቤት ሰዎች ጠረጴዛውን አይተው የመምህራን ክፍላቸውን ለክተው ሄደዋል። አንተም ማዕዘን ማለስለስ ሲሰለችህ ሙሉ ጠረጴዛ የሚሠራበት ቤት ታውቃለህ። ከዚህ ሌላ የምጠይቅህ የለም።

ከወሬ ሁሉ የበለጠውን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ስጽፈው ደስ እንዲለኝ ነው። ጆሮዬ ከሄደ ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት እንዴት እንደምስቅ ታውቃለህ? ሰዎቹ ሲስቁ አያለሁ፣ ከዚያ እስቃለሁ። ምን እንዳሳቃቸው አላውቅም። ሁልጊዜ ከሁሉ ኋላ ነኝ። ከመጋዙ ፍርሃትም ከምኑም በላይ ያደከመኝ እሱ ነበር።

ያን ቀን ስብሰባው ሲያልቅ በያጁ ተነሣና ስለ መልእክተኛው ማውራት ጀመረ። መልእክተኛው ሰሚ ነው፤ ግን እነሱን ሲያናግር ይጮሃል። በያጁ እሱን ሆነ። አፉን ከፈተ። የገባው የለም። የበለጠ ከፈተ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። አሁንም የገባው የለም። ሦስተኛ ሲጮህ በያጁ ሌላ ሰው ሆነ፤ ከመንገድ ማዶ መስኮቷን ከፍታ «አቤት! ጠራኸኝ?» የምትል ሴትዮ። እጁ መስኮቱን ሲገፋ ገና ገባኝ። ከዚያ ክብ ውስጥ ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እንባዬ እስኪወርድ፣ ጠረጴዛውን በመዳፌ እየደበደብኩ ሳቅሁ፤ ሌሎቹ ከኔ በኋላ ነው የሳቁት። ከሁሉ ኋላ የሳቀው ቀቢው ነበር፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ፣ ምን እንዳሳቀን ሳይገባው፣ እኛን አይቶ ሳቀ።

አክስትህ